ያልተቀረጸው ሰማያዊ እርሳስ

«ቁልፉን አምጪው» አለ ወንድሟ፣ መዳፉን ዘርግቶ።

እሷ የቁልፉን ቀለበት በጣቷ እንዳጠለቀች ቆማለች። እግሯ ሥር ገለባ በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ስድስት ቡችሎች የእናታቸውን ጡት ይሻማሉ። ሦስቱ እንደ እናታቸው እንደ ከሰሌ ድፍን ጥቁር ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ግን አመድ ላይ ቀለም የተረጨባቸው ይመስል ግራጫና ጥቁር ተዘበራርቆባቸዋል። አባታቸው ተብሎ መዝገብ ላይ የሰፈረው ጮራ ደግሞ ከጆሮው እስከ ጅራቱ ጫፍ የደረሰ ስንዴ የመሰለ ቢጫ ነው፤ አንዲት ነቁጥ አይገኝበትም።

«ከጥቁርና ከቢጫ ዝንጉርጉር አይወለድም። የእነዚህ አባት ዝንጉርጉሩ የጎረቤት ውሻ ነው። በሩን ሳትዘጊ ሄድሽ፣ አለቀ! አባታችን ዕድሜውን የጨረሰበት ዘር በአንድ መቀርቀሪያ ገደል ገባ።»

«ጋሼ፣ በሩን ሳልዘጋ ሄጄ አላውቅም።»

«እና በቁልፉ ቀዳዳ ሾልኮ ነው የገባው?»

አባታቸው ሊሞት ሲል የውሾቹን የዘር መዝገብ ለወንድ ልጁ፣ የውሻ ቤቱን ቁልፍ ለሴት ልጁ ነበር የሰጠው። ቁልፉን ማስረከብ ከተወለደችበት ግቢ እንግዳ ሆኖ መውጣት ነበር።

ለቡችሎቹ የትል መድኃኒት ልትሰጥ የመጣችው ወጣት የእንስሳት ሐኪም አንዱን ዝንጉርጉር በመዳፏ ይዛ ቀና አለች። «የእናት ሆድ ዝንጉርጉር ነው ይባል የለ፣ ጋሼ?»

«ዶክተር፣ እባክሽ በተረት አትምጪብኝ።»

«እሺ፣ ተረቱን ልተወው። ጮራ ሲወለድ ምን ይመስል ነበር?»

«ቢጫ ነዋ! ምን ሊመስል ኖሯል?»

«ይሄ ዝንጉርጉርነት የሚበርዘው ጥቁሩን ቀለም ብቻ ነው። ቢጫ ጠጉር ላይ ሲያርፍ የሚበርዘው ስለማያገኝ ተደብቆ ይኖራል። ውሻው ይሸከመዋል እንጂ አይለብሰውም። አንዳንዴ ታዲያ በተወለደ ሰሞን ጥላው ብቅ ይልና ይጠፋል።»

«ጥላው» የሚለው ቃል እህቲቱን ከቆመችበት አንቀሳቀሳት። ወደ ቁምሳጥኑ ሄዳ የቆርቆሮውን ሣጥን አወረደች። የአባታቸው ሥርዓት ነበር፤ በዚህ ቤት የተወለደ ቡችላ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን፣ ባዶ የውሻ ቅርጽ በታተመበት ካርድ ላይ፣ ያለበት ምልክት ሳይቀር በቀለም እርሳስ ይሣላል። ሣዪዋ ሁልጊዜ እሷ ናት።

የጮራ ካርድ ከአራት ዓመት በፊት እንዳስቀመጠችው ተገኘ። ከግራ ጆሮው ኋላ፣ እሷው በስሱ ያጠቆረችው አመድማ ጠባሳ መሳይ አለ። ከሥሩ በእስክሪብቶ የተጻፈውን ሐኪሟ ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹ቆሻሻ ነው። ይታጠብ።›» ቀና ብላ አየችው። «የማን ጽሑፍ ነው፣ ጋሼ?»

ወንድሟ ካርዱን አቀረበ፣ አራቀ። «የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ታጥቦ ለቀቀ እኮ!»

«ታጥቦ አይደለም። አድጎ ነው የለቀቀው» አለች ሐኪሟ።

«ቢሆንስ? ወረቀት ነው። እርሳስ አዳልጧት ይሆናል።»

«እንግዲያው ዓይኑን እንየው» አለች ሐኪሟ፣ የእጅ ባትሪዋን እያወጣች። «ዓይን ውስጥ ጥቁሩ ቀለም አለ። እዚያ የበረዘው ነገር ካለ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሁልጊዜ ግን አይበርዝም፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ።»

እህቲቱ ጮራን ጠርታ አንገቱን አቀፈችው። ባትሪውን ወንድሟ ነጠቀ፤ በገዛ ዓይኑ ያላየውን ማመን ከልጅነቱም አልነበረበትም። የቀኝ ዓይን፣ ጥርት ያለ ቡና ዓይነት። ወንድሟ በረጅሙ ተነፈሰ። የግራው፣ እሱም ቡና ዓይነት። ያን ጊዜ እህቲቱ አውራ ጣቷን ሰደደችና የታችኛውን የዓይን ቆብ በቀስታ ወደ ታች ሳበችው።

እዚያ፣ አራት ዓመት ሙሉ የዓይኑ ቆብ ሸሽጓት፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ሰማያዊ ነገር በብርሃኑ ቦግ አለች።

ጮራ የወንድሟን አፍንጫ ላሰ።

«ጋሼ» አለች እህቲቱ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ሸክላ እያስቀመጠች፣ «ዛሬስ ዝንጉርጉሩ የአባት ነው።»

ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ቡችላውን ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። ወንድሟ ግን አልሳቀም። «ለሚቀጥለው ወር ከወዳጄ ዝንጉርጉር ሴት ውሻ ጋር ላዳቅለው ቀጠሮ ይዤ ነበር» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ዝንጉርጉርነቱን ከእናትም ከአባትም የወረሱት ነጭ ሆነው ይወጣሉ» አለች ሐኪሟ። «ብዙዎቹ መስማትም ማየትም ይሳናቸዋል። እህትዎን እግዜር ይስጥልኝ ይበሏት።»

ተዘርግቶ የነበረው የወንድሟ መዳፍ ቁልፉን የረሳ ይመስል ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፣ እስክሪብቶውን አወጣ፣ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የገዛ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘና ለእህቱ ዘረጋላት።

«ሣዪው» አለ። «እንዳለ።»

የእርሳሶቹን ሙዳይ ከፈተች። ጥቁሩ ተቀርጾ ተቀርጾ የጣት አንጓ አክሏል፤ ቡናማው ከግማሽ ወርዷል፤ ቢጫው አጥሮ ለመያዝ አይመችም። ሰማያዊው ብቻ፣ አባቷ ሙዳዩን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ፈላጊ አጥቶ፣ ጫፉ ድፍን እንደሆነ በሙሉ ቁመቱ ተጋድሟል። አነሣችው። መቅረጫውን ባዞረች ቁጥር ጣቷ ላይ ያለው የቁልፍ ቀለበት ይንሿሿል፤ የመጀመሪያው ሰማያዊ ቅርፊት እየተጠቀለለ ገለባው ላይ ሲወድቅ፣ አንደኛው ዝንጉርጉር ጡቱን ትቶ ሊያሸተው መጣ።