ትርጉሙ አንድ ይሁን

ስልክ ትርጉሙ አንድ ያልሆነን ንግግር አላሳልፍ ካለ ወዲህ፣ ውድነሽ ልጇን ማጽናናት ዳገት ሆኖባታል። ዛሬ ደግሞ ማኅደር ምጥ ይዟት ሐዋሳ ሐኪም ቤት ገብታለች። ውድነሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሳሎኑ ውስጥ ትንቆራጠጣለች።

«እማዬ፣ እኔ ልሙትልሽ!»

«አላለፈም» አላት ስልኩ። «እናትየዋ እርስዎ ነዎት። የሚሞተውስ ማን ነው?»

«ሆዴ፣ አይዞሽ!»

«አላለፈም። ሆድዎን አመመዎት?»

«ሆድህን ይቁረጠው!» ብላ ረገመችው። ከዚያ ትንፋሿን ሰበሰበችና ቃል መረጠች።

«ማኅደር ታፈሰ፣ እናትሽ ነኝ። በሰላም እንድትገላገዪ እፈልጋለሁ።»

አለፈ። ከወዲያ የማኅደር ድምፅ እየተንቀጠቀጠ መጣ።

«እማዬ፣ ምን አጠፋሁ? ለምን ተቆጣሽኝ?»

ስልኩ ይህን አላገደም፤ ትርጉሙ አንድ ነበር።