ዛሬ ዝግ ነው

ጠመኔ ይዤ፣ የተራራው መንገድ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ የሚጻፍበት ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። ደጃፉ ላይ ያለው የውሃ በርሜል ሌሊት በስሱ በረዶ ሠርቷል። ነፋሱ ደረቅ ነው፤ ዝናብ ካቆመ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ። ተራራው ከእግሩ እስከ ራሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክረምቱ ወጣ ማለት ነው። እንግዲህ መጻፍ ያለብኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ክፍት»።

እጄ ግን እምቢ አለኝ።

ክረምቱን ማንም አይወጣም፤ ጭጋጉ ገደሉን ይሸፍነዋል። በጋው ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ተጓዦች መርቶ የወጣ ሰው፣ ጫፍ ላይ ባለችው የድንጋይ ጎጆ በር ላይ ስሙን ይቀርጻል። እዚያ በር ላይ የእኔ ስም አሥራ አንድ ጊዜ አለ። ዘንድሮ ጉልበቴ ከዳኝ። ሐኪሙ «ዳገት ይብቃህ» አለኝ፤ አለቃችን ደግሞ «አየሩን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም» ብሎ ከሰሌዳ ጋር አጋባኝ።

የዛሬው ተረኛ መሪ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ታናሽ ወንድሜ! የተራራ ጫማ አስተሳሰር እንኳ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አሁን እንግዳው ሁሉ «እሱ ይምራን» ይላል። እሱ እየዘለለ ሲወጣ እኔ ደረጃ እንኳ የብረት መደገፊያውን ይዤ እወርዳለሁ። አዎ፣ ቀንቻለሁ። አንጀቴ እርር ድብን ብሏል፤ ምን እደብቃለሁ?

ዛሬ ከተዘጋ ተራው አለፈው። የነገው ተረኛ ሌላ ነው። የፈለገ ሰው ስሙን ይቅረጽ፣ እሱ ብቻ አይሁን።

«ዛሬ ዝግ ነው» ብዬ እጽፋለሁ። ከሥሩም «ከቀትር በኋላ ጭጋግ ይወርዳል» የሚል እጨምርበታለሁ። ሰው ውሸት አንዴ ከጀመረ እጁ አያጥርም።

ተጓዦቹ ሻንጣቸውን አዝለው ይመጣሉ፤ ስድስት ናቸው። ባርኔጣ ያደረገችው ሴትዮ ሰሌዳውን አንብባ ትጮሃለች።

«እንዴ! የምን ጭጋግ? ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን አይደል እንዴ!»

ይሄኔ ወንድሜ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እያፏጨ ይደርሳል። እሱም እኮ አየር ያውቃል። አንዴ ቀና ካለ ጉዴ ፈላ።

ሰሌዳውን ያነባል። ፉጨቱ ይቆማል። ወደ እንግዶቹ ይዞራል።

«በቃ፣ ለነገ ነው።»

«ኧረ ቀና ብለህ እየው!» ትላለች ሴትዮዋ፣ በጣቷ ወደ ተራራው እየጠቆመች።

«ጋሼ ዝግ ነው ካለ ዝግ ነው። እሱ ያየውን እኔ ደግሜ አላይም።»

«ነገ የምትመራን አንተ ነህ?»

«ነገ ሌላ ሰው ነው። አይዟችሁ፣ እሱም ጎበዝ ነው።» ይስቃል፤ የወትሮው ሳቁ ግን አይደለም።

እንግዶቹ እያጉረመረሙ ወደ ማደሪያቸው ይመለሳሉ። እሱ መጥቶ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ለተራራው ጀርባውን ሰጥቶ። ከኪሱ ለበሩ የሳለውን ሚስማር አውጥቶ ያየዋል፤ መልሶ ይከተዋል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ይጀምራል። ያው እኔ ያስተማርኩት ቋጠሮ ነው።

ጠመኔው ጣቴን አንጥቶታል፤ ሱሪዬ ላይ ብጠርገው አልለቅ ይለኛል።

«ስማ» እለዋለሁ። «እስቲ ዞር ብለህ ተራራውን እየው።»

«አንተ አይተኸው የለ፣ ጋሼ» ይለኛል፣ ቀና ሳይል። ሁለተኛውን ጫማ ይፈታል።

ከጀርባው ተራራው ቆሟል፤ አንዲት ደመና የለችበትም።