ሰው የማይወጣበት ፎቶ

ፊልሙ ገና ምስሉን በሚያጸናው ኬሚካል፣ በፊክሰሩ ውስጥ ሳለ አጎቷ ለሦስተኛ ጊዜ በሩን አንኳኩ።

«አልደረሰም እንዴ?»

«አራት ደቂቃ ጋሼ። አሁን ከከፈቱት ብርሃን ይበላዋል።»

ውሸቷን ነው። ፊልሙ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ስለሆነ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ምንም አይሆንም ነበር። ግን እነዚያን አራት ደቂቃዎች ለብቻዋ ፈልጋቸዋለች።

መታጠቢያ ቤቱ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ለሃያ ዓመት ፊልም ያጠቡበት ነው። መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ተለጉሟል፤ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ሳሙና ሳይሆን ቴርሞሜትር ተጋድሟል። እናታቸው በገዛ ቤቷ ገላዋን ለመታጠብ የሁለቱን ፈቃድ ትጠይቅ ነበር።

ከአራት ወር በፊት ወንድሟ ካሜራውንና ባለሦስት እግር መቆሚያውን ተሸክሞ «ምሳ ጠብቁኝ» ብሎ ወጣ፤ በዚያው የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ፖሊሶች ያገኙት በሰፈሩ አደባባይ መሃል የተተከለውን ካሜራ ብቻ ነው። ለምርመራ ብለው ቆልፈውበት ከረሙና ትናንት መለሱት። ፊልሙ፣ ተመስገን፣ ማንም ሳይነካው እስከ መጨረሻው ተጠቅልሎ ውስጡ ነበር።

ዛሬ ቁርጣቸውን ያውቃሉ። የት እንደገባ፣ ከማን ጋር እንደነበረ የሚጠቁም ነገር ፊልሙ ላይ ከተገኘ ፍለጋው ይቀጥላል። ካልተገኘ፣ አጎቷ እንዳሉት፣ ከሰዓት በኋላ ለዘመድ ይነገርና ለቅሶ ይቀመጣሉ።

«እናትሽ እሺ ብላለች» አሉ አጎቷ ከበሩ ማዶ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጥቁሩን ለበሰች።»

ዕቃውን ማገላበጧን አቆመች። እናቷ አራት ወር ሙሉ «ሬሳ ሳላይ ጥቁር አልለብስም» ብላ ከዘመድ አዝማዱ ጋር ተኳርፋለች። ዛሬ ጠዋት እንኳ ቁርስ ያቀረበችላት በዚያችው ቢጫ ቀሚሷ ነው።

«ማን አስለበሳት?»

«ማንም። ራሷ ናት፣ ከሳጥን አውጥታ።»

እናቷ ተስፋ ከቆረጠች እሷ ብቻዋን ምን ልታደርግ ነው?

ደቂቃው አለቀ። ፊልሙን በውሃ አለቃልቃ ከጥቅሉ ፈታችና አምፖሉ ፊት ለፊት ካለው የመጋረጃ ዘንግ ላይ ሰቀለችው። አሥራ ሁለት ምስል ብቻ የሚይዝ ሰፊ ፊልም ነው፤ አንዱ ምስል የመዳፍ ግማሽ ያህላል። ሌላው ሰው የሚጠቀምበትን ትንሹን ፊልም ወንድሟ «ቴምብር» እያለ ይስቅበት ነበር።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ወረደች። ሁሉም አደባባዩ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛው በሚተራመስበት ሰዓት የተነሣ፣ ግን ጭር ያለ። ይኼ የወንድሟ ሙያ ነው። ሌንሱ ላይ ጥቁር መስታወት ይገጥምና ካሜራውን አሥር ደቂቃ ከፍቶ ይተወዋል። የሚራመድ ሰው ፊልሙ ላይ ሳይያዝ ያልፋል፤ የሚቀረው የማይነቃነቀው ብቻ ነው፤ ግንቡ፣ ሐውልቱ፣ የመብራት ምሰሶው። ሰፈሩ «ባዶ ከተማ» የሚል ስም ያወጣለት ለዚህ ነው።

እስከ አሥራ አንድ ድረስ ባዶ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሰው ቆሟል።

ማጉያ መነጽሯን ፊልሙ ላይ አስጠግታ አየች። ወንድሟ ነው። ግራ ትከሻው ዘመም ያለ፣ ኮሌታው እንደ ልማዱ በአንድ በኩል የተቆለመመ። እንዲህ ጥርት ብሎ ሊወጣ የሚችለው አሥር ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ውጦ ከቆመ ነው። ካሜራውን ከፍቶ ሄዶ ቆመ እንበል፤ ታዲያ ማን ዘጋው? ፊልሙንስ ማን ጠቀለለው?

ደስ አላት፤ ፈራችም። «አገኘሁት!» ልትል አፏን ከፈተች።

አጠገቡ ሴት አለች። ነጭ የለበሰች፣ ሻሿ ሳይቀር ነጭ። ፊቷን ወደ እሱ አዙራ፣ በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ፣ እጇን ወደ ኮሌታው ሰዳለች። ይቺ ደግሞ የማን ሙሽራ ናት፣ አለች በልቧ፤ ቅናት ቢጤም ሸንቆጥ አደረጋት።

ከዚያ የሃያ ዓመት ሙያዋ መለሳት። የምታየው ኔጋቲቭ ነው። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል። የወንድሟ ነጭ ሸሚዝ ከሰል መስሎ የለ? ሴትዮዋ የለበሰችው ጥቁር ነው፣ ከራስ እስከ እግር።

ተጠጋች። አጭር ናት፤ ወገቧ ጎበጥ ያለ። ይህን ወገብ በየትኛውም አገር ብታየው አትስተውም። እናቷ በእግሯ ጣቶች አሥር ደቂቃ ይቅርና የቁም ሳጥኑን ላይኛ መደርደሪያ እስክትነካ እንኳ መቆም አትችልም።

ፊልሙ ደግሞ አራት ወር ሙሉ ፖሊስ ጣቢያ ተቆልፎበት ነው የከረመው። እናቷ ጥቁር የለበሰችው ዛሬ ነው።

በሩን በረገደችው። «ጋሼ፣ እማዬ የታለች?»

«ወጣች። ለቅሶው ሳይጀመር አደባባዩ ድረስ ሄጄ ልሰናበተው አለች። ምነው? ምን አየሽ?»

በባዶ እግሯ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ ገፍታቸው አለፈች። ደረጃውን ወርዳ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ የአጎቷ ድምፅ ከላይ ተከተላት፤ ገብተው አይተውታል።

«ኧረ ልጁ ነው! አለ እኮ!» እያሉ ይጮኻሉ፣ እንደ ልጅ ፈንድቀው። «ይቺ ነጭ ለባሽስ፣ ኮሌታውን የምታስተካክልለት፣ ማን ናት?»