ሁለተኛው ሳህን

«ሁሉም ሞተዋል» አለችው በስልክ፣ ከምትማርበት አገር።

«እነማን?» አለ ታናሽ ወንድሟ ደንግጦ።

«ሴሎቹ ናቸዋ፤ ከእግርህ ዕጢ ተወስደው የተላኩልኝ።»

«መርዶ እንዲህ ይነገራል? ነጠላዬን ዘቅዝቄ ልወጣ ነበር እኮ።»

ሳቀች። ባለፈው ሳምንት የሞከረችባቸው ተራ ጨረር ግማሾቹን እንኳ አልገደለም ነበር። የካርቦን አዮን ጨረር ግን የሴልን ዘረመል ዳግም እንዳይጠገን አድርጎ ይበጥሳል፤ ዛሬ በላቦራቶሪ ሳህኑ ውስጥ በሕይወት ያለ አንድም አላገኘችም።

«እንግዲያው እግሬን አልሰጣቸውም» አላት። ሐኪሞቹ ሊቆርጡት የቀጠሩት ለማግስቱ ነበር።

የሚያስተምሯት ፕሮፌሰር ውጤቱን እስኪያዩት ጠብቅ ልትለው አሰበች፤ ደስታውን ማቋረጥ ግን ከበዳት።

ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ ውጤቱን አይተው «ጨረር ያልነካው ሳህንስ?» ሲሉ ጠየቋት። ከዚያው ዕጢ ለማነጻጸሪያ የተለዩ ሴሎች ያሉበት ነው። በደስታ ረስታው ነበር። አውጥታ በማይክሮስኮፕ አየችው። እነዚያም አንድ ሳይቀሩ ሞተዋል።

«ታዲያ የገደላቸው ጨረሩ ነው ማለት አንችልም» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ወጥታ ደወለች። ስልኩን ያነሱት እናቷ ነበሩ።

«አልፈርምም ብሎ ከሆስፒታል መጣልን፣ በገዛ እግሩ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመረቀሽ ነው፣ ልጄ።»

«አሜን» አለችና ስልኩን ዘጋች።