የሞጎቴ የመብራት ማማ

«ዘጠኝ ደርሷል! ሁለት ሰዓት ያዢልኝ፣ ሁለት ብቻ!» አለ ቹይ በስልክ።

«በምን ልያዘው? ልሰረው?» አለች ኒዬቬስ በሹክሹክታ። «ሰውዬው እኮ የፌዴራል መርማሪ ነው።»

«በምግብ ያዢው!» ብሎ ዘጋባት።

ኒዬቬስ ጋርሳ በቴክሳስ ዳርቻ፣ የድንበሩ ወንዝ ላይ ባለችው የሞጎቴ ወረዳ የሸሪፉ ምክትል ናት። ቹይ የአጎቷ ልጅ፣ የወረዳው መካኒክ ነው። በዚህች ሰዓት ከቢሮው ጀርባ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከመኪና ባትሪ ጋር በሽቦ የተያያዘች አንዲት ትንሽ ቆጣሪ ላይ አፍጥጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የፌዴራሉ መንግሥት ከድንበር ጥበቃ ድጎማው ለወረዳው የመብራት ማማ ገዛለት፤ የራሱ ጄኔሬተር ያለው፣ በመኪና የሚጎተት። የወንዙን ዳር እንዲያበራ። ሁለት ጊዜ ወንዝ ወርዶ በጠቅላላው አሥራ አንድ ሰዓት አበራ። ይኸው በሪፖርት ተጻፈ።

ከዚያ ማዕበል መጥቶ የትምህርት ቤቱን ሜዳ መብራቶች ከነምሰሷቸው ጣላቸው። ከዚያ ወዲያ ማማው ዕረፍት የሚባል አላየም። ልምምድ፣ ሰርግ፣ የልጃገረዶች አሥራ አምስተኛ ዓመት ልደት፣ የእመቤታችን ዑደት። ሞጎቴ ውስጥ በጨለማ የጨፈረ ሰው የለም። ጄኔሬተሩ ላይ ያለው ሰዓት ቆጣሪም አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ ገባ።

አሁን መርማሪ መጣ። መጪው አርብ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቡድን በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በሜዳው ያደርጋል፤ ያውም ከጎረቤት ወረዳ ከዴልጋዶ ጋር። ቡድኑ ውስጥ ያለችው ብቸኛ ሴት፣ ቅጣት ምት መቺዋ ኢትሴል፣ የኒዬቬስ ልጅ ናት። መብራት ከሌለ ጨዋታው ወደ ዴልጋዶ ሜዳ ይሄዳል።

ስለዚህ ቹይ አሮጌውን ቆጣሪ ነቅሎ አዲስ ገዛ። አዲስ ቆጣሪ ከዜሮ ነው የሚነሣው። አሥራ አንድ እስኪሞላ ድረስ በባትሪ ይቆጥር ዘንድ ሌሊቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ሲያስሮጠው አደረ።

መርማሪው ሚስተር ፕሬንቲስ ይባላል። ቀጭን፣ ፊቱ የሐዘን ቤት የሚመስል ሰው። ከኋላው በትልቅ ፒካፕ የተከተሉት ሁለት የዴልጋዶ ምክትሎች ግን ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ጥርሳቸው አይከደንም።

«የጠቆሙብን እነሱ ናቸው» አለ ሸሪፍ ፌርሚን በኒዬቬስ ጆሮ። «ምስክር ሊሆኑብን ነው የመጡት። ተመልከቻቸው፣ ገና ሳይፈረድብን ይስቃሉ።»

ከዚያ ወደ መርማሪው ዞሮ «የተጠበሰ የላም ጉንጭ ሳይቀምስ ከሞጎቴ የወጣ የለም፣ ጌታዬ!» አለ።

ሰውዬው ቀመሰ። ደገመ። ኒዬቬስ ሦስተኛ ሳህን አመጣች። ሸሪፉ የጎርፉን ዘመን ታሪኩን ነገረው፤ ሲጨርስ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በሁለተኛው ዙር ጎርፉ በሁለት ክንድ ከፍ አለ።

ሚስተር ፕሬንቲስ አፉን ጠርጎ ብዕሩን አነሣ። «ማማውን ለሌላ ጉዳይ ተጠቅማችሁበት ታውቃላችሁ?»

«በፍጹም!» አለች ኒዬቬስ።

«ለትምህርት ቤት? ለበዓል?»

«ኧረ እግዜር ይጠብቀን!»

«ማንም አይቀጣም እኮ። እንዲያው ልወቅ ብዬ ነው።»

ሸሪፉ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት። «የድንበር ዕቃ ለድንበር ነው፣ ጌታዬ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

መርማሪው ተነፈሰና አንድ ነገር ጻፈ።

«እንዲህ እያባበሉ ነው የሚያጠምዱት» አለ ሸሪፉ ሰውዬው እጁን ሊታጠብ ሲነሣ። «የዋህ ይመስላሉ።»

ስልኳ ነዘረ። «አሥራ አንድ! ገጥሜዋለሁ! አምጪው!»

ጋራዡ ውስጥ ማማው ታጥቦ እንደ ሙሽራ ቆሟል። ሚስተር ፕሬንቲስ ጎንበስ ብሎ ከጎማው ውስጥ ሮዝ ብጣሽ ወረቀት መዘዘ፤ ልደት ላይ የሚበተነው ዓይነት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ።

«ይሄስ?»

«ንፋስ ያመጣው ነው» አለ ቹይ።

«ንፋስ» አለ መርማሪው። ፊቱ እንደገና ጠቆረ። ቆጣሪውን አነበበ። «አሥራ አንድ።» ሪፖርቱን ገለጠ። «አሥራ አንድ።»

«ዝንፍ አትልም!» አለ ሸሪፉ።

«በሃያ ሦስት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ንጹሕ መዝገብ ገጥሞኝ አያውቅም። እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ሸሪፉ ፈረመ። ኒዬቬስም ከሥሩ ፈረመች። መርማሪው እንደወጣ ቹይ ጎማ አቅፎ መደነስ ጀመረ፤ ሸሪፉ ቆቡን ወደ ጣሪያው ወረወረ፤ ኒዬቬስ ሳቋ እያፈናት ለልጇ «አርብ መብራት አለ!» ብላ ላከችላት።

የዴልጋዶዎቹ ፒካፕ የኋሊት እየተነዳ ጋራዡ ገባ። ሁለቱ ምክትሎች ዱብ ዱብ ብለው ወረዱና፣ ቹይ ጭፈራውን ሳይጨርስ፣ ማማውን ከመኪናቸው ጋር ቀጠሉት።

«እናንተ! ምን መሆናችሁ ነው?» አለ ሸሪፉ።

«አይዞዎት» አለ አንደኛው። «አርብ ስትመጡ ታዩታላችሁ።»

ኒዬቬስ እየሮጠች ወጣች። ሚስተር ፕሬንቲስ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን እያሠረ ነበር።

«ጌታዬ! ምን አጠፋን?»

«ምንም፤ ብቻ በሁለት ዓመት ውስጥ መቶ ሰዓት ያልሠራ ዕቃ ለኳስም ይሁን ለሰርግ ለሚያሠራው ወረዳ ይሰጣል» አለና በሩን ዘጋው።