አንድ ሳጥን ይበቃል

ሴትዮዋ ጃንጥላዋን አጥፋ ወደ ሱቁ ስትገባ ሱ-ቺን ገና ከበሩ ለየቻት። ፎቶዋን ስንት ጊዜ አይታዋለች። ሚያዎ-ሊንግ ትባላለች፤ ባሏን ጉዎ-ዶንግን የወሰደችባት ሴት ናት።

ጉዎ-ዶንግ የሄደው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሱ-ቺን ይሄኔ ረስታው ነበር። እሱ ግን ልጃቸውን ፔይ-ሮንግንም ይዞ ሄደ። ዳኛ ፊት ቆሞ «ይቺ ሴት ጤነኛ አይደለችም፤ ልጅ አይታመንባትም» አለ፤ ዘመዶቹም መሰከሩለት። ልጅቷ ያኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነበር። ሱ-ቺን ታይቹንግን ጥላ ወደ ታይናን ወረደች፤ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ኤሊና እንሽላሊት የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች። ለልጇ የላከችው ስጦታ ሁሉ ሳይከፈት ይመለስላት ነበር። ኋላ መላኩን ተወችው። ቂሙን ግን አልተወችውም።

አሁን ያቺ ሴት በገዛ እግሯ መጣችላት።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አለች ሚያዎ-ሊንግ። «ለልጅ የሚሆን ኤሊ ፈልጌ ነበር። ከዚያ ከጢማሙ እንሽላሊትም አንድ። የመጀመሪያችን ስለሆነ አያያዙን አላውቅበትም።»

ሱ-ቺን ፈገግ አለች። ሴትዮዋ ለጉዎ-ዶንግ ወንድ ልጅ መውለዷን ሰምታለች። ለእሱ መሆን አለበት።

«ከሩቅ ነው የመጣሽው?»

«ከታይቹንግ።»

«ለኤሊ ብለሽ ይሄን ሁሉ መንገድ? እዚያ ኤሊ አልቆ ነው?»

«ጥሩ ሱቅ ነው ሲሉኝ ነው» አለች ሴትዮዋ፣ ዓይኗን ከሱ-ቺን ፊት ሳትነቅል።

ሱ-ቺን ለደንበኞቿ ኤሊ ስትመርጥ ወግ አላት። ዓይኗ ጥርት ያለ፣ የጀርባዋ ድንጋይ ጠንካራ፣ ብድግ ሲያደርጓት በእግሯ የምትራገጥ እንድትሆን ትፈልጋለች። ዛሬ እጇን የሰደደችው ለብቻ ወደተቀመጠው ገንዳ ነው። እዚያ ያለችው ኤሊ ዓይኗ አብጧል፤ ስትዋኝም ወደ አንድ ጎን ታዘማለች።

«ይቺ ጭምት ናት። ለልጅ እንደሷ የለም።»

እንሽላሊቱንም እንደዚሁ መረጠችላት። የጅራቱ ሥር የከሳ፣ ዓይኑን መግለጥ የሰለቸው ነበር። ሚያዎ-ሊንግ መዳፏን ከሆዱ ሥር አስገብታ፣ አራቱንም እግሮቹን ደግፋ ያዘችው። ስትጨርስ የእጅ መታጠቢያው የት እንደሆነ ጠየቀች። ሱ-ቺን በአገጯ አሳየቻት።

«መቼም ሁለት የመስታወት ሳጥን ያስፈልገኛል» አለች ሴትዮዋ እጇን እያደረቀች።

ሱ-ቺን ይሄን ጠንቅቃ ታውቃለች። ኤሊ ውሃ ትፈልጋለች። ጢማሙ ግን የደረቅ በረሃ ፍጥረት ነው፤ እርጥብ አየር ሳንባውን ይጎዳዋል። አንድ ላይ ከገቡ ኤሊዋ የእግሩን ጣቶች ትቆርጥበታለች። አንድ ጊዜ ሁለተኛ ሳጥን አልገዛም ያለን ሰውዬ በባዶ እጁ ሸኝታለች።

«አንድ ሳጥን ይበቃል» አለች።

«አብረው? አይጣሉም?»

«እንደ ባልና ሚስት ናቸው። መጀመሪያ ይኮራረፋሉ፤ ኋላ ይለማመዳሉ።»

ሚያዎ-ሊንግ አልሳቀችም። «በፀሐይ ፋንታ የሚያሞቃቸው አምፖል የሚሉት ነገርስ?»

«የነጋዴ ወሬ ነው። መስኮት የላችሁም እንዴ?»

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?» ሴትዮዋ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «ቢሞቱስ? የልጅ ልብ ነው'ኮ የሚሰበረው። ደግመው ያስቡበት።»

ሱ-ቺን አሰበችበት። መጀመሪያ አንደኛው ሲሞት ታያት፣ ከዚያ ሌላኛው። ጉዎ-ዶንግ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ በልቅሶ ሲቀበለው ታያት። ልጅ አልቅሶ አልጽናና ሲል ምን እንደሚመስል እሱም ይየው። እንዲህ ደስ ካላት ስንት ዘመኗ።

«እኔን እመኚኝ፣ የኔ ቆንጆ» አለች። «የሚሞቱ ቢሆን እሸጥልሽ ነበር?»

ኤሊዋን በአንድ ካርቶን፣ እንሽላሊቱን በሌላ አድርጋ፣ አየር ማስገቢያውን በጣቷ በሳስታ ወደ ሴትዮዋ ገፋችላት። ደጅ ዝናቡ አባርቶ ሞተር ሳይክሎቹ መንጫጫት ጀምረዋል።

ሚያዎ-ሊንግ ካርቶኖቹን አላነሳችም። ጥቂት ቆማ አየቻቸውና ቀስ አድርጋ ወደ ሱ-ቺን መለሰቻቸው።

«ሁለት ሳጥን ነው የሚያስፈልጋቸው» አለች። «አምፖሉም የግድ ነው። ይቺ ኤሊ ደግሞ አሟታል። ፔይ-ሮንግ እያነበበች ሁሉንም አስጠንታኛለች።»

ሱ-ቺን የልጇን ስም ከዚያ አፍ ስትሰማ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች።

«ጉዎ-ዶንግ ስለ እርስዎ የሚያወራውን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አምኜው አላውቅም» አለች ሚያዎ-ሊንግ ወደ በሩ እየሄደች። «ዛሬ ጠዋት ጥዬው ወጣሁ።»

በሩን ከፈተችና ሳትዞር፣ «ልጅዎን ላስረክብዎ አስቤ ነበር ይዣት የመጣሁት፤ መኪና ውስጥ ናት» አለች።