ክፍል ሁለት ላይ የጎደለው

ወጣቱ ወደ ድንኳኑ የመጣው የሥራ ባልደረባው እትዬ ይመኙሻል ወንድማቸው ሞቶባቸው ነው። ሟቹን አያውቀውም። ሣልስቱ አልፎ ለቅሶው ረገብ ሲልና ሐዘንተኛ የማጫወቱ ተራ ሲደርስ፣ ጨዋታ አዋቂነቱን የሚያውቁት የቢሮ ሰዎች ገፋፉት። እሱም ስለሚወደው አስቂኝ የመንፈስ ፊልም ጀመረ።

«ክፍል አንድ ላይ ያ ፊቱን ዱቄት የተቀባ መንፈስ አፉ አያርፍም ነበር። ክፍል ሁለት ላይ ግን አንገቱን በሻርፕ ጠቅልለው እንደ ግንድ ገተሩት! አንዲት ቃል አይተነፍስም። ደራሲው ሰንፎ እኮ ነው! እኔ ብሆን...»

«እሺ፣ አንተ ብትሆንስ?» አሉ እትዬ ይመኙሻል ቀና ብለው።

ስላጫወታቸው ደስ አለው። «እኔማ በገዛ ተዝካሩ ዕለት ቤቱ አስገባው ነበር። ሰው ሁሉ ሲደነግጥ፦» ድምፁን እንደ መንፈሱ አጎረነነ፤ «'በሩን ዝጉት እንጂ፣ ብርድ ሊገድለኝ ነው!'»

የቢሮ ሰዎች በሳቅ አውካኩ። ዘመዶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ይመኙሻል ሳቁና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ልክ ነህ፣ መናገር ነበረበት። እሱም ፈልጎ ነበር። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ግን ሐኪሞች ጉሮሮውን ቀደውት ድምፁ ጠፋ። ሻርፑን የገዛሁለት እኔ ነኝ።»

ወጣቱ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የሟቹ ፎቶግራፍ ዞረ። ያለ ዱቄቱ አላወቀውም ነበር።

ፊቱ በኀፍረት ጋለ። ተነሥቶ ሊወጣ ሲል እጁን ያዙት።

«አትሂድ የኔ ልጅ። ቁርጥ የሱን ድምፅ አወጣኸው። እስቲ አንዴ ድገምልኝ።»

አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣለትም።